ሦስት ሴንቲ ሜትር

ከጨንቻ መመለሱ ከመውጣቱ ይልቅ ያደክመኛል። ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ «ቁልቁለት ደግሞ ምን ያደክማል?» ይሉኛል። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ ከ1,300 ብዙም አትርቅም። ያንን ሁሉ በሞተር ብስክሌት ስወርድ የደረቴና የትከሻዬ ክብደት መዳፌ ላይ ያርፋል። ዶርዜን አልፌ አባያና ጫሞ ብቅ ሲሉ ሌላው ቆሞ ፎቶ ያነሳል፤ እኔ የደነዘዙ ጣቶቼን አፍታታለሁ።

ያማሃ ኤጂ 200 ለገጠር ሥራ የተሠራ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ቁመት ነው። ኮሮኮንች ላይ ከመቀመጫው ተነሥቼ ስቆም መሪው ጉልበቴ አጠገብ ይቀራል፤ ወገቤን አጥፌ ልይዘው ግድ ይሆንብኛል። መጀመሪያ ብሎኖቹን አላልቼ መሪውን ወደ ራሴ አዞርኩት። ገንዘብ የማያስወጣው ዘዴ ይኸው ነው፤ ሲቀመጡ ደኅና ነው፣ ሲቆሙ ግን የእጅ አንጓን ያጣምማል። ስለዚህ መሪውን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ስለሆነ ንብረት ክፍል በራሴ ወጪ እንዲሆንና ስለቅ ወደ ነበረበት እንድመልሰው አስፈርሞ ፈቀደልኝ።

የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ከመሪው መያዣ ሥር የሚገቡ ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮች ሊያወጣልኝ ተስማማ። ሦስት ሴንቲ ሜትር አልኩት።

«ወንድሜ፣ ከተነሣ አይቀር አምስት ይሁን እንጂ!»

አምስት የሚሆነው ገመዶቹ ከፈቀዱ ነው። በዚህ ሞተር የፊት ፍሬኑም እንደ ፍሪሲዮኑ በገመድ ነው የሚሠራው፤ የነዳጁ ሲጨመር ሦስት ገመድ ከመሪው ጋር አብሮ ይነሣል። ትርፍ ርዝመታቸውን ቀድሜ ለክቼ ስለነበር ከሦስት አልፈቀቅ አልኩ። ብሎኖቹንም ረዘም ባሉ፣ ራሳቸው ላይ የጥንካሬ ደረጃን የሚያሳይ 8.8 የሚል ቁጥር ባላቸው ቀየርናቸው። መሪ የሚይዝ ብሎን ላይ መቆጠብ አይገባኝም።

ከገጠምነው በኋላ ሞተሩን አስነሥቼ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዞርኩ። ነዳጅ ሳይሰጡት ድምፁ ከጨመረ ገመዱ ተወጥሯል ማለት ነው፤ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ራሱ ይፈተለካል። አልጨመረም። የፍሪሲዮኑ እጀታ ግን መላላቱን አጥቶ ስለነበር ማስተካከያውን ጥቂት ዙር መለስነው።

ያልጠበቅሁት ጥቅም ወደ ኋላ መምጣቱ ነው። የፊት ሞላው ዘንግ ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ በዚያው መስመር ሦስት ሴንቲ ሜትር የተነሣ መሪ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ነጂው ይቀርባል። ክርኔ ታጠፈ፣ ትከሻዬ ወረደ፣ ቁልቁለቱን ስወርድ ክብደቴ ወደ እግሬ ተመለሰ። ዳገት ላይ ደግሞ ፊቱ ትንሽ ይቀልላል፤ ደረቴን ወደ ፊት ሰደድ አደርጋለሁ። አስፋልት ላይ ስፈጥን ንፋሱ ደረቴን ይገፋኛል፤ እኔ ግን አስፋልት የማየው አልፎ አልፎ ነው።

የቀረው ጣጣ ሐሙስ ሐሙስ ይህንኑ ሞተር የምትነዳው ባልደረባዬ ናት። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም። «አንተ ተመቸህ፣ እኔ ግን ጣሪያ የምጠግን መሰልኩ» ብላ ቁራጮቹ እንዲወጡ ጠይቃለች። እውነቷን ነው፤ ቢሆንም አላወጣም። መሪውን ወደ ራሷ እንድታዞረው የብሎን መፍቻውን መቀመጫው ሥር አስቀምጬላታለሁ፤ እስካሁን አልነካችውም፤ ለንብረት ክፍል እጽፋለሁ እያለች ነው።