የኢንጂነሩ ጎልፍ

እኛ ጋራዥ ውስጥ ይህን ልጅ በስሙ የሚጠራው የለም። «ኢንጂነሩ» ነው የሚባለው። አምስት ኪሎ ሜካኒካል ምህንድስና ይማራል፤ አራተኛ ዓመት ነው። መኪናዋ ከአገር የወጣ አጎቱ የተወለት የፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነች፣ እ.ኤ.አ. የ1986 ሥሪት።

መጀመሪያ ሲመጣ የሚያሠራውን በወረቀት ጽፎ ነበር። ሰፊ ቸርኬ። የሚጮህ የጭስ ማውጫ ማርሚታ። ዝቅ እንድትል ሞላ ማስቆረጥ። የስፖርት አየር ማጣሪያ። ከሁሉም በታች፣ የረሳው ነገር ይመስል፣ «አቀበት ላይ አትጎትትም» ይላል። እኔ ከታች ጀመርኩ።

ገንዘቡ የሚመጣው የ12ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ በማስጠናት ነው። ስለዚህ ተዋዋልን። መፍታቱን፣ ማጠቡን፣ ዕቃ ፍለጋ መዞሩን እሱ ይችላል፤ እኛ የቀረውን የእጅ ዋጋ ብቻ እንቀበላለን። «ሽጣትና ተገላገል» የሚሉት ነበሩ። ሽጦ ምን ሊገዛ? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ተማሪ ያለችውን ይዞ መጠገን ነው ያለው።

ይቺ ጎልፍ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡራተር የላትም። ቤንዚን የሚመጥንላት ኮምፒውተርም የለም። ቤንዚን የምታገኝበት ሥርዓት የቦሽ ኩባንያ ኬ-ጄትሮኒክ ነው። ወደ ሞተር የሚገባው አየር አንዲት ክብ ሳህን ያነሳል፤ ሳህኗ በተነሳችው ልክ ቤንዚን ይለቀቃል። ሌላ ቦታ «የቤንዚን ማከፋፈያው ሞቷል፣ ይቀየር» ብለውታል። የዚያ ዕቃ ዋጋ የልጁን የዓመት ገቢ ይበላል። እኔ ግን ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ፣ ሰማኋት፤ ደህና ነች። ነዳጅ ሲሰጣት ነው የምትንገጫገጨው።

ሞተር ነዳጅ ሲሰጠው በመቀመጫው ላይ ዘንበል ይላል። ከሳህኗ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ። እሱን አስፈታሁት። ከሥር በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ተሰንጥቋል። ሞተሩ ዘንበል ሲል ስንጥቁ አፉን ይከፍትና ያልተለካ አየር ይገባል። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል፤ መኪናዋም ታንቃ ትቀራለች። ኢንጂነሩ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሲዞር ውሎ ከተፈታታች ጎልፍ ላይ ደህና ቱቦ አገኘ። ገጠምነው። ማከፋፈያውን የነካው የለም። መኪናዋ ጎተተች።

ጎተተች ማለት ግን እሱ እንዳለመው አይደለም። «112 የፈረስ ጉልበት አይደለች እንዴ?» አለኝ። ነች፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ወደ 90 ብትጠጋ ነው። ይህን ማንም የአየር ማጣሪያ አይመልሰውም። ጭራሽ በዚህ ሥርዓት የማጣሪያው ቤትና ሳህኗ አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ዝም ብለህ አንስተህ ሌላ አትሰካም። ራሱ ቁጭ ብሎ አስልቶ አመነ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ጠቅሞታል።

የሥራ ካርዱ ላይ አንድ ነገር ጽፌ ነበር፦ የፍሬን ዘይት ይቀየር፣ የኋላ ፍሬን ይፈታ። «ብር ሳገኝ» ብሎ ሄደ።

ብሩን ሲያገኝ መጀመሪያ የገዛው ማርሚታ ነው። ከዚያ ቸርኬ። ቸርኬው የቶዮታ ነበር፤ አራቱ የቡሎን ቀዳዳዎች ልክ ናቸው፣ መሐሉ ግን ለጎልፍ ይጠባል። ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስፋው። ለዚህ ሁሉ ያወጣውን ባልነግራችሁ ይሻላል።

አንድ ቅዳሜ መጣ። «ጋሼ፣ ይምጡ፣ እንጦጦ እናውጣት።» ፍሬኑስ አልኩት። «ተሠርቷል፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ነው» አለ። ቆማ እያለች ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ጠንካራ ነው። ወጣን። በሽሮ ሜዳ በኩል አቀበቱን በሚያምር ሁኔታ በላችው። እንጦጦ ማርያም ደረስን። መመለሻው ላይ ነው ጉዱ።

ልጁ ቁልቁለቱን በአራተኛ ማርሽ፣ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ይወርዳል። የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ላናግረው ስል ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ፔዳሉ ገባ።» ከፊታችን እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አሉ። «ማርሽ ቀንስ! ሦስተኛ! ሁለተኛ!» ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ያዘች። እጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩት፤ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚይዘው። ዳር ይዘን ቆምን። ሴቶቹ ዞር ብለው አይተውን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ትንሽ ቆይተን ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ፤ እንደ ጠዋቱ ጠንካራ ሆነ። «ተስተካከለ እኮ» አለኝ። ከሁሉም ያስፈራኝ ይህ ነው። ስንቱ ሰው በዚህ ተታሎ እንደገና ይነዳል።

በቀዘቀዘው ፍሬን፣ በመጀመሪያ ማርሽ እያዘገምን ጋራዥ አስገባናት። ፈታን። የፍሬን ዘይቱ የተፈላ ቡና ይመስላል። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት የሚባለው ለዚህ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግርህ አረፋውን ይጫናል እንጂ ሸራውን አይገፋም። ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ደህና ይመስላል። ከኋላ ደግሞ አንደኛው ፍሬን ዝጎ ደርቋል፤ የፊቶቹ የሱንም ሥራ ደርበው ሲሠሩ ነው ያን ያህል የጋሉት። ሸራው በእርግጥ አዲስ ነው። ሸራ የቀየረለት ሰው ዘይቱንም ሆነ የኋላውን ዞር ብሎ አላየም።

ኢንጂነሩ ያን ቀን ብዙ አላወራም። በሳምንቱ ቸርኬውን በኪሳራ ሸጦ መጣ። በብሩ የኋላ ፍሬኖቹን የጎማ ማኅተም ቀየርን፣ የተሰነጣጠቁትን የፍሬን ቱቦዎች ጣልን፣ አዲስ ዘይት አስገባን። ወደ ፋብሪካው ቸርኬ ተመልሶ መጠኑ 185/60/14 የሆነ ጎማ ገዛ። ጎማውን ሲገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች እንዲያይ ነግሬው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። አንዱን ነጋዴ በዚሁ ተሟግቶ መመለሱን ሰማሁ። የሞተር መቀመጫውንና የፊት እግሩን ጎሚኒም፣ ንዝረት የሚውጡትን ጎማዎች፣ ቀየርን። ርካሽ ዕቃ ነው፤ መኪናዋ መሪ ላይ የተለወጠችው ግን በሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኛም ጋራዥ አንድ ነገር ለውጠናል። ፍሬን የሚነካ ሥራ ካርዱ ላይ በቀይ ይጻፋል፣ ከሁሉም በላይ። ባለቤቱ አላሠራም ካለ ይፈርማል። አንዳንዱ ይቆጣል። ይቆጣ።

ሞላው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። ከፊት በትንሹ ዝቅ ትበል ይላል። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይወጣል እለዋለሁ። ደግሞ በዚህ ሁሉ ጉድጓድና ጉብታ መንገድ! እሱ በወረቀት አስልቶ ያመጣልኛል፤ ስሌቱ መጥፎ አይደለም። እኛ ጋ አይቆረጥም ብያለሁ።