አየር የፈነቀለው ስፌት

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት 4.8 ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው፣ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ፣ ቀረበለት። ቀዛፊው ቆሞ ዓሣ ማጥመድ ስለፈለገ በግራና በቀኝ ተንሳፋፊ ይገጠምለት ተባለ። ተንሳፋፊዎቹ ተሠርተው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ተቀቡ። ለሙከራ ወደ ውኃ ከመውረዳቸው በፊት ግማሽ ቀን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀዛፊው ገብቶ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ካያኩ ወደ ግራ ዘመመ፤ ቦታውን አስተካክሎ ቢቀመጥም አልቃና አለ። ወደ ዳር ተስቦ የግራው ተንሳፋፊ ሲፈታና ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ ይንቦጫረቃል። ከታች ተበስቶ ሲቀዳ 4 ሊትር ከግማሽ ያህል ወጣው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መጠኑ ነበር፤ ተንሳፋፊው ለቀዛፊው አንሶት ይሆን ተባለ። ስሌቱ ግን ንጹሕ ነው። 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቆሞ ክብደቱን 25 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ቢጥል፣ የሚገለብጠው ኃይል 85 ሲባዛ በ25፣ ማለትም 2125 ይሆናል። የተንሳፋፊው መሐል ከካያኩ መሐል 90 ሴንቲሜትር ስለሚርቅ 2125ን ለ90 ስናካፍል ወደ 24 ኪሎ የሚጠጋ የማንሳት አቅም ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የተንሳፋፊው የራሱ ክብደት 4 ኪሎ ሲደመር 28 ሊትር ይበቃል። የተሠራው 38 ሊትር ነበር፤ 1.6 ሜትር ርዝመት፣ 18 በ18 ሴንቲሜትር ጎን፣ ሁለቱ ጫፎች የሾሉ። ማዕበልና ድንገተኛ እንቅስቃሴ ስላለ ይህን የ10 ሊትር ትርፍ መንፈግ አይገባም።

መልሱ የተገኘው ስፌቱ፣ ማለትም ሳንቃዎቹ የተጋጠሙበት ጠርዝ፣ ሲፈተሽ ነው። የታችኛው ጠርዝ ላይ የፋይበርግላሱ ጥብጣብ አንድ ክንድ በሚሆን ርዝመት ከእንጨቱ ተላቆ፣ ሥሩ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ተከፍቷል። ጥፍር ሲገባበት ጥብጣቡ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ፤ ከጀርባው አንዲት የእንጨት ስንጥር እንኳ ይዞ አልመጣም። በደንብ የተጣበቀ ጥብጣብ ሲላጥ እንጨቱን ቦጭቆ ነው የሚነሣው። ይህኛው መጀመሪያውንም ከእንጨቱ ጋር አልተያያዘም።

ምክንያቱ የቆየ ነው። ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ፣ በተለይ በቀዝቃዛና እርጥበት ባለው አየር ሲደርቅ ገጹ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ቅባት ይተዋል። ማዕዘኑ በኢፖክሲና በደቃቅ የእንጨት ዱቄት ከተሞላ በኋላ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ታሽቶ ጥብጣቡ ተለጠፈበት። ብርጭቆ ወረቀት ቅባቱን አያነሣም፤ እያሻሸ ያሰራጨዋል። ቅድሚያ በሞቀ ውኃና በሻካራ ስፖንጅ ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ ማሸት። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ መሙያው ገና ሳይደርቅ፣ ጣት ሲነካው እንደሚጣበቅ ማር ሲሆን ጥብጣቡን ማልበስ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ።

ደካማ ማጣበቂያ ግን ብቻውን ስፌት አይከፍትም። የከፈተው አየሩ ነው። ተንሳፋፊው ዙሪያውን ተደፍኖ መተንፈሻ የሚባል ነገር አልተተወለትም። 20 ዲግሪ ላይ የታሸገ አየር ፀሐይ ላይ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ 14 በመቶ ያህል ይጨምራል። በካሬ ሜትር 1.4 ቶን ማለት ነው፤ የአንዱ ጎን ስፋት 0.29 ካሬ ሜትር ስለሆነ ወደ 400 ኪሎ ይገፋዋል። ሳንቃው ትንሽ ስለሚያብጥ እውነተኛው ግፊት ከዚህ ይቀንሳል፤ ለ4 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ግን የቀረውም ብዙ ነው። በዚያ ላይ በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ 50 እና 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ሙቀት ይጠራል። ስፌቱ በሚለሰልስበት ሰዓት ነው የሚገፋው!

ቀሪውን ውኃው ጨረሰው። ትርፉ አየር በስንጥቁ ከወጣ በኋላ የጋለው ተንሳፋፊ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ዐረፈ። ውስጡ የቀረው አየር ከ60 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ በ12 በመቶ ይኮማተራል፤ የ38 ሊትር 12 በመቶ 4.6 ሊትር ነው። ከተቀዳው ውኃ ጋር ይህን ያህል መግጠሙ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም፤ ተንሳፋፊው ውኃውን በራሱ ትንፋሽ መጦታል። 4.6 ኪሎ በ90 ሴንቲሜትር ርቀት ሲንጠለጠል፣ 85 ኪሎው ሰው 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ግራ ከመቀመጡ ጋር እኩል ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ተንሳፋፊ የላይኛው ገጽ ላይ፣ ወደ ኋለኛው ጫፍ ጠጋ ብሎ፣ የጎማ ቀለበት ያለው በእጅ የሚዞር ክዳን ተገጠመ። የብስ ላይ ክፍት ይሆናል፤ ውኃ ሊነካ ሲል ይዘጋል። ጋርዶሽ ግድግዳ ተሠርቶ ውስጡ ለሁለት ወይም ለሦስት ከተከፈለ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ክዳን ይኑረው። ግድግዳውን በስቶ ክፍሎቹን በአንድ ክዳን ማስተንፈስ ግን ግድግዳውን ከንቱ ያደርገዋል፤ አንዱ ክፍል ውኃ ሲገባው ሌላውም ይከተላል። ቀለሙም ወደ ነጭ ተቀየረ።

ከቀለም በፊት የሚደረገው ፍተሻ 10 ደቂቃ አይፈጅም። በክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን ጎማ ከቶ፣ ዙሪያውን ደፍኖ፣ በአፍ መንፋት፤ ሌላው ሰው የሳሙና አረፋ በብሩሽ ስፌቱ ላይ እየቀባ ይከተላል። አረፋ የሚነፋበት ቦታ በእርሳስ ይከበባል። ኮምፕሬሰር አይሞከርም፤ ደህናውን ስፌት ይከፍታል።

በዚያው ሙከራ ሌላ ስሕተትም ታይቷል። የተንሳፋፊዎቹ ከፍታ የተለካው ካያኩ ባዶውን ሲንሳፈፍ ነው፤ ከውኃው 3 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲሉ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ 100 ኪሎ ሲጫን ግን ይህን የሚያክል ካያክ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይሰምጣል፤ ሁለቱም ተንሳፋፊዎች ውኃ ውስጥ ገብተው እንደ ፍሬን ይጎትታሉ። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ቀዛፊው ከነዕቃው ተቀምጦ ነው። ያኔ ሁለቱም ከውኃው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው፣ ዘንበል ሲባል አንዱ ብቻ ይነካል። ተንሳፋፊዎቹን ከካያኩ ጋር የሚያያይዘው አግዳሚ ማሰሪያ ላይ ባለ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት የእንጨት ማስገቢያዎች መደርደር ከፍታውን ለማስተካከል ቀላሉ መንገድ ነው። አግዳሚው ራሱ ከመቀመጫው ኋላ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አለዚያ መቅዘፊያው በየምቱ ተንሳፋፊውን ይመታል። ብሎኑም ስሱን የላይ ሳንቃ ብቻ በስቶ መታሰር የለበትም፤ ከሥሩ 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ተለጥፎ፣ ሰፊ ሮንዴላ ገብቶ ነው ዳዶው የሚጠብቀው።

የጠጣው ተንሳፋፊ ወዲያው አልተጠገነም። እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ኢፖክሲ በደንብ አይዝም፤ የታሸገው እርጥበትም ሳንቃውን ያበሰብሰዋል። የላላው ጥብጣብ ተላጠ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ተንሳፋፊው ጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ተሰቀለ። ደረቀ ለማለት እጅ አይታመንም፤ ሚዛን ነው የሚፈርደው። ጠዋት ጠዋት ተመዝኖ ቁጥሩ በእርሳስ ጎኑ ላይ ይጻፋል። ለሦስት ተከታታይ ቀናት ቁጥሩ ሳይወርድ ሲቀር ነው ኢፖክሲው የሚበጠበጠው።