የፈታሁት ሲባጎ

በሰሜን ሸዋ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ በሲባጎ እየታሰሩ መደርደሪያ ላይ የተቆለሉትን የድሮ የክርክር መዝገቦች ፈትቼ፣ አቧራቸውን አራግፌ፣ በዓመተ ምሕረት ለይቼ ደረደርኳቸው። አለቃዬም አመሰገኑኝ። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንዲት እናት ከመንዝ መጥተው የአባታቸውን የርስት ክርክር መዝገብ ጠየቁኝ። ዓመቱን አያውቁትም፤ የሚያውቁት ጉዳዩን ያየውን የአጥቢያ ዳኛ ስም ነው። «ልጄ፣ ከአጥቢያችን ሰዎች ጋር አብሮ ታስሮ ነበር እኮ፤ ወንድሜ በዓይኑ አይቶታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እያንዳንዱ እስር የአንድ ዳኛ መዝገብ ኖሯል፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጥፋት የሚከለክለው ደንብ እኔ ሳልወለድ ከመቶ ዓመት በፊት ተጽፏል። የፈረንሳይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው መመሪያ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ሰው የመጡ ሰነዶች ከሌላው ሳይቀላቀሉ በአንድነት እንዲቀመጡ አዝዟል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቤተ መዛግብት ምክር ቤትም መዛግብት እንዴት ተገልጸው እንደሚመዘገቡ የሚወስነውን ደንቡን ያቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ዓለም አቀፍ የሙያ ትብብር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሥልጠናና ስብሰባ (አበሉም ጭምር) ነው፤ እኔን ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ ይህች አንዲት ደንብ በጊዜ ደርሳኝ ቢሆን ኖሮ እኒያ እናት ባዶ እጃቸውን ባልተመለሱ ነበር።

ለአገራችን ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብራ ባካሄደችው በዚህ ሥራ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት በፊልም የተነሡ ሲሆን፣ ከሸዋ አድባራትና ገዳማት የተገኙትም ብዙ ናቸው። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ተመተው አካላቸው ከተጎዳ በኋላ እዚያው ሚኒሶታ ተቀምጠው፣ የአገራቸውን መጻሕፍት በፊልም እያነበቡ ለረጅም ዓመታት ካታሎግ አዘጋጅተዋል። እኔን የሚደንቀኝ የመጻሕፍቱ ብዛት አይደለም። ካታሎጉ ገድሉንና ተአምሩን መዝግቦ አያበቃም፤ በኅዳግና በባዶ ገጽ የተጻፈውን፣ መጽሐፉን ማን ለየትኛው ደብር እንደሰጠ፣ መሬት ማን ለማን እንደሸጠ ጭምር ይይዛል። የአንድ አጥቢያ ሕዝብ ታሪኩን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

በብዙ ብራናዎቻችን ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ግዝት አለ፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ቀድሞ የምፈራው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነበር። ጸሐፊዎቹ ሌባውንና የባለቤቱን ስም ፋቂውን እኩል ማውገዛቸው፣ የማን እንደነበረ የማይታወቅ መጽሐፍ በቦታው ቢቀመጥም እንደጠፋ ስለሚቆጠር ይመስለኛል። እኔም ሲባጎውን ስፈታ የፋቅሁ ያህል ነው።

አሁን በየመዝገቡ ግርጌ ያለውን ፊርማና ማኅተም እያየሁ፣ የዳኛውን ስም በእርሳስ በካርድ ላይ እየጻፍኩ መዝገቦቹን ወደየዳኛቸው እስር እመልሳቸዋለሁ። ሰባት እስር ሞልቶልኛል። የመንዟ እናት መዝገብ ገና አልተገኘም፤ ስልካቸውን ግን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።