ለሥራ መንገድና ለእሽቅድምድም ሜዳ የሚሆን ጎማ
የምኖረው በቨርጂኒያ ሲሆን፣ ወደ ሥራ የምታመላልሰኝን መኪና አልፎ አልፎ በዌስት ቨርጂኒያው የሰሚት ፖይንት ሜዳ ስለምነዳት፣ ጎማ ስመርጥ አስቀድሜ በጎኑ የታተመውን የትሬድዌር ቁጥር (ጎማው ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ የሚጠቁም ሲሆን፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ቶሎ ማለቁን ያሳያል) እመለከታለሁ፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ በመሆኑ ግን በእርሱ ብቻ አልወስንም። ባለ 200 ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ቢይዝም ቶሎ ያልቃል፤ ጥርሱም ብዙውን ጊዜ ጥልቀት ስለሌለው ውሃ በተኛበት አውራ ጎዳና ላይ ያሰጋል። እኔ የማደላው እንደ ሚሽላን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ወዳለው ባለ 300 ጎማ ነው፤ በሜዳው ከማተርፋቸው ጥቂት ሰከንዶች ይልቅ ልጆቼን ይዤ በዝናብ በሰላም መግባቴ ይበልጥብኛልና። ሁለቱም ዓይነቶች የሙቀት ወራት ጎማዎች ስለሆኑ፣ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ ላስቲካቸው ይጠነክራል፤ ለበረዶው ወራት ሌላ ጎማ የግድ ነው። ጎማው በሜዳ ሲግል ግፊቱ ስለሚጨምር አየር የቀነሰ ሰው፣ ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት ጎማው ሲቀዘቅዝ ለክቶ መሙላት አለበት።