አሥራ ዘጠኝ ቆሮሶ

ሐዋሳ የደረስኩት ኅዳር 12 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ስላለው መንገድ የምነግራችሁ የለኝም፤ ሞጆን ስናልፍ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ የነቃሁትም ሻሸመኔ ላይ የመኪና ጥሩምባ ሲያስበረግገኝ ነው። የሄድኩት ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ነበር። ልጅቷ ፈተና ላይ ስለነበረች ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ሆንኩ፤ ይህ ማስታወሻም በአብዛኛው የእነዚያ ጠዋቶች ነው።

አስቀድሜ የባጃጁን ነገር ተናግሬ ይውጣልኝ። ከመናኸሪያ እስከ ማረፊያዬ 200 ብር ከፈልኩ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ከእህቴ ልጅ ጋር በ50 ብር ሄድነው። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። ልጁ "እንግዳ ስለሆንሽ ቀንሼልሽ ነው፣ እኅቴ" ብሎኝ ከልቤ አመስግኜው ነበር። እኔ ሐረማያ ተወልጄ፣ አወዳይ ገበያ እየተላክሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚያ ነጋዴ ዋጋ ይጨምርባችኋል እንጂ አያቆላምጣችሁም፤ ቁጣውም ድርድሩም ፊት ለፊት ነው። ለስላሳ አነጋገር እስካሁን ያታልለኛል።

ሌሊቱ የባሰ ሆነ። ማረፊያውን የመረጥኩት ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ነበር። አጎበሩ ሦስት ቦታ ተቀዷል፤ አንዱን ቀዳዳ በፀጉር ማስያዣ፣ ሌላውን በነጠላዬ ጫፍ ደፈንኩ፤ ሦስተኛው ከእግር በኩል ስለነበር እስኪነጋ እግሬን ሳክ አደርኩ። ከአጥር ወዲያ ያለው ቤት ሙዚቃውን ያጠፋው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። አቤት ብል "ሐዋሳ እኮ ናት" የሚል መልስ አገኘሁ፤ የክፍሉ ዋጋ ግን ለጸጥታውም ጭምር የተከፈለ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ግቢ ያለው አዳራሽ በር ላይ ሐይቁን ስለመታደግ የሚናገር ሰፊ ባነር ተሰቅሎ ነበር። ለሁለት ቀን የሚቆይ ስብሰባ አለ። ሳየው ሆዴ ቅር አለው፤ ምክንያቱን መናገር አለብኝ።

ለአካባቢ ጥበቃ ንግግር ፊቴን የማዞረው ግድ ስለሌለኝ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ሲሞት ዳር ቆሜ ያየሁ ነኝ። ተማሪ ሳለን በሰልፍ እየወጣን ዳገቱ ላይ ችግኝ ተክለናል፤ ከላይ የመጡ እንግዶችም ንግግር አድርገውልናል። ሐይቁ ግን በየዓመቱ ከቆምንበት እየራቀ ሄዶ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጭቃው ተሰነጣጥቆ ታየ። ብቻውን የጨረሰው አልነበረም። ለጫትና ለአትክልት በሞተር የሚሳበው፣ ለሐረር ከተማ በቧንቧ የሚሄደው፣ ከተራቆተው ዳገት እየወረደ የሚሞላው ደለል፣ ሁሉም እየተካፈለ ወሰደው። በየስብሰባው የሚወቀሰው ግን አንድ ሰው ነበር፤ ሞተር የገዛው ገበሬ። ቧንቧውን ማንም አላነሳውም። በቅርብ ዓመታት ውኃው መልሶ መታየት መጀመሩን እናቴ በስልክ ስትነግረኝ አልቅሻለሁ።

አሁን የምኖርበት አዳማ ደግሞ ለቆቃ ቅርብ ነው። እምቦጭ በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው ቆቃና አዋሽ ላይ ሲሆን ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1965 ነው። አገር የተንቀሳቀሰው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ጣና ሲወረር ነው። ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለውን ገበሬ አከብራለሁ። ዘመቻ የሚባለው ነገር ላይ ግን እምነቴ ከተሟጠጠ ቆየ፤ ዘመቻ ቀን ተቆርጦለት ይጀምራል፣ ቀን ተቆርጦለት ያበቃል፣ አረሙ ቀጠሮ የለውም።

እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነስቼ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ወጣቶች አመሻሽ ላይ የሚንሸራሸሩበት ፍቅር ሐይቅ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። ከአሞራ ገደል ወዲህ ባለው ዳር አንድ ሽማግሌ ጀልባውን ወደ ውኃ ሲገፋ ደረስኩ። ሰላም ስለው "ዳኤ ቡሹ" ብሎ በሲዳምኛ መለሰልኝ፤ ከዚያም ሳልጠይቀው በአማርኛ "ውኃ የማትፈሪ ከሆነ ግቢ" አለኝ። ትናንት ማታ ጉማሬ አሳይሻለሁ ያለኝ ባለ ሞተር ጀልባ 1,200 ብር ጠይቆኝ ነበር። ይህ ሰው ምንም አልጠየቀም፤ ስንመለስም እጄን ወደ ቦርሳዬ ስልክ ተቆጣኝ።

ጋሼ እለዋለሁ፤ ስሙን እዚህ አልጽፍም። መረቡን የሚጥለው አመሻሽ ላይ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይሰበስባል። ወደ መረቡ የሚወስደውን ያህል ቀዘፍን፤ ከኋላችን ታቦር ተራራ ከጉም ወጣ። ውኃው አረንጓዴ ነው፣ እጄን ሳስገባ ለስላሳ ሆኖ ተሰማኝ። መረቡ ሲወጣ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ)፣ ሁለት አምባዛ። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ አንድም የለም። ከቆሮሶዎቹ ትልቁን እጄ ላይ አስተኛሁት፤ ከጣቴ ጫፍ እስከ አንጓዬ ነው። "ይህ ነው ትልቁ?" ብለው "ዛሬ ይህ ነው" አለኝ።

አንዷን ከመረቡ ሲፈታት ከአፏ ቢጫ እንቁላል ፈሰሰ። ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው፤ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስም እዚያው ታሳድጋለች። ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ የሰው መዳፍ ላይ ሲፈስ ማየት ግን ሌላ ነው። ጋሼ ዓሣዋን ወደ ውኃው መለሳት፤ እንቁላሉ ግን የትም አይሆንም። ቆሮሶ የምትራባው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር ስለሆነ መረብ ወደ ዳር በተጠጋ ቁጥር የሚያዘው እናት ነው።

ስለ ስብሰባው ነገርኩት። ሳቅም ቁጣም አላየሁበትም። እንዲህ አለኝ፦ "እኛ ዘንድ ሲመጡ መረብ ይሰበስባሉ። ዓይኑ ጠባብ ነው ብለው ያቃጥላሉ። ልክ ናቸው፣ ጠባብ ነው። እኔም አንድ ዓመት በጠባቡ አጥምጃለሁ፤ እኔ የለቀቅሁትን ትንሽ ዓሣ ጎረቤቴ ሲያወጣው አየሁ፣ ልጆቼ ፊት ምን ልበል? ግን እኅቴ፣ ከከተማው በቦይ የሚመጣውን ማን ሰብስቦ ያቃጥለዋል?"

ይህን ሰው ለመከራከሪያዬ የሚመች ምስክር አድርጌ ላቀርበው እፈልግ ነበር። አልቻልኩም፤ ጥፋቱን ሳይደብቅ ነግሮኛልና። ጠባብ መረብ ዓሣውን እየጨረሰ ነው። ይህን የምጠራጠር ሰው አይደለሁም፤ አሥራ ዘጠኙን በዓይኔ ቆጥሬያለሁ። የምጠራጠረው ሕግ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ለምን እንደሚቆም ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ሁለቱም የወጡት በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ የሐረማያ ሐይቅ ሊያልቅ ሲያጣጥር ማለት ነው። እኩያሞች ናቸው። አንደኛው ዳር ድረስ ወርዶ መረብ ሲያቃጥል ጋሼ አይቷል፤ ሁለተኛውን ግን አላገኘውም።

ከጀልባ ወርደን አሞራ ገደል ገበያ ገባን። እውነቱን ለመናገር ከጉዞው ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብቀው አንጀት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ፤ ጉሬዛና ጦጣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል፤ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቆሮሶውን በአራት ምት ገፎ አጥንቱን ለብቻ ያወጣል። አዳማ የምንበላው ዓሣ ብዙውን ጊዜ በረዶ ላይ አድሮ የመጣ ነው። እዚህ ዓሣው ገና ይንቀሳቀሳል። አንድ ሳህን ጥሬ ከዳጣ ጋር 180 ብር ነበር፤ ሾርባውን ያለ ዋጋ ጨመሩልኝ። ሻጯ እትዬ ከሁለት ቀን በኋላ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ዋጋው እንደሚጨምር አስጠንቅቃኛለች፤ በዓቢይ ጾም ደግሞ ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ ከአዲስ አበባ በመኪና እየመጡ ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል።

ጥሬውን በፍቅር በላሁ። እየበላሁም አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ተመራማሪዎች በዚህ ሐይቅ ዓሣ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት ለክተዋል። ቆሮሶ የሚበላው በአብዛኛው ውኃ ላይ ያለውን ደቃቅ አልጌ ስለሆነ በሥጋው የሚጠራቀመው ጥቂት ነው፤ ቢልጫ ግን ሌላ ዓሣ ስለሚበላ በእርሱ ሥጋ ውስጥ የተገኘው ከፍ ያለ ነው። ይህ ማንንም የማያስደነግጥ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ማወቅ ያለባት ነገር ነው። እትዬን ጠየቅኳት፤ ሰምታ አታውቅም። ገፋፊውም፣ ጋሼም አልሰሙም። ጥናቱ በውጭ ቋንቋ ታትሞ አለ፤ ዓሣውን ጥሬ የሚበላው ሰው ዘንድ አልደረሰም።

ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ጥቁር ውኃ ድልድይ ሄድን። የሐዋሳ ሐይቅ ከገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ይህ ብቻ ነው። የመጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወንዙ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ጨለለቃ ድሮ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆነ። ቢሆንም ያ ረግረግ ቆሻሻውን የሚያጣራ ወንፊት ነው፤ በየዓመቱ እየታረሰና እየተጋጠ ሲሄድ ወንፊቱ ይቀደዳል። ከብቶች ሣሩ ውስጥ እስከ ሆዳቸው ገብተው ሲግጡ ቆሜ አየሁ። የሐረማያን ዳር ያየሁ መሰለኝና ቶሎ እንሂድ አልኳት።

የእህቴ ልጅ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፈሳሽ ቆሻሻውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ መሠራቱን አስረዳችኝ፤ መምህሯ ወስዶ አሳይቷቸዋል። ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ያለ ማስረጃ ማንንም አልወነጅልም፤ ገበሬውን ያለ ማስረጃ ሲወነጅሉት አድጌያለሁ። የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ከፋብሪካው፣ ከሆቴሉ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከከተማው ቦይ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ በየወሩ ተለክቶ ውጤቱ አሞራ ገደል በር ላይ በአማርኛና በሲዳምኛ ይለጠፍ። ከጎኑ የተፈቀደው የመረብ ዓይን ስፋት ይለጠፍ። ያኔ ጋሼ ስለ መረቡ ሲጠየቅ እርሱም ስለ ቦዩ ይጠይቃል።

በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ስብሰባው ለሻይ ተበትኖ ነበር። ገብቼ ከአቅራቢዎቹ አንዱን ይህንኑ ጠየቅኩት። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሐይቁን እንደሚወድ ፊቱ ይናገራል። ልኬት መኖሩን አልካደም። "ለሕዝብ ቢለጠፍ ዓሣ የሚገዛ ሰው ይጠፋል ተብሎ ይፈራል" አለኝ። ይህን መልስ አልጠበቅሁም ነበር፤ አስቤበትም አላውቅም። እትዬን አሰብኳት፣ በአራት ምት የሚገፈውን ልጅ አሰብኩት። ፍርሃቱ እውነት ነው። "ለበላተኛው ሳይነገር የሚሸጥ ዓሣስ?" አልኩት። ዓሣ አጥማጆች ተጠርተው እንደሆነ ስጠይቀው አንድ የማኅበር ሰው መጠራቱን፣ እርሱም አለመምጣቱን ነገረኝ። ስብሰባው የተጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያን ሰዓት ጋሼና ጓደኞቹ ገበያ ላይ ዓሣቸውን ይሸጣሉ። ይህን ስነግረው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው፤ ስልኬንም ተቀበለኝ።

መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት በአሞራ ገደል በኩል ዞርኩ። እትዬ አራት ቆሮሶ መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ጠብሳ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አዘጋጅታልኛለች። የሦስቱን ዋጋ ብቻ ተቀበለችኝ፤ አራተኛው የእህቴ ልጅ ድርሻ ነው፣ ለፈተናዋ ኃይል ይሁናት አለች። ጋሼን አላገኘሁትም፤ ለማታው መረብ ሊጥል ወጥቷል። ምን ዓይነት መረብ ይዞ እንደወጣ እትዬን ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት።

አዳማ የደረስኩት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ልጆቼ ኮባውን ሲፈቱት ትንሹ ልጄ ከዓሣው አንዱን አንስቶ ከእጁ ጋር አስተያየው። የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ዓሣው ከእርሱ እጅ ብዙም አይበልጥም ነበር።