ሮቶው መፍሰሱን አቆመ

ሦስት ሳምንት ሞላው። ሮቶው አንድ ቀን አልፈሰሰም። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ግቢያችን እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ነው። አራት ተከራይ፣ አንድ ዋይፋይ። ሮቶው ላይ ኢኤስፒ32 በሚባል ዋይፋይ ባለው ትንሽ ቺፕ የሠራሁት ሴንሰር አለ፤ ውሃው ሲሞላ ፓምፑን «አጥፋ» ይለዋል። የኮዱንና የመግጠሙን ነገር ልለፈው፣ እዚያ ላይ ብዙም አልተቸገርኩም። ያስቸገረኝ ማታ ነው። ትእዛዙ በኢንተርኔት ዞሮ ነው ፓምፑ ጋ የሚደርሰው፤ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ጠፍቶ ይቀራል፣ ጠዋት ስነሳ ግቢው ጭቃ ነው።

መጀመሪያ ፓኬጅ አሳደግኩ። ብሬን ከጨረስኩ በኋላ ነው ፍጥነት ሌላ፣ መዘግየት ሌላ መሆኑን የተማርኩት። የፍጥነት መለኪያ አፕ አትመኑ። ፒንግ (መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ) ክፈቱና አንድ ሰው ቪዲዮ ሲልክ እዩት። እኔ ጋ ከ45 ሚሊሰከንድ ተነስቶ 1200 ይገባ ነበር። ወፍጮ ቤት አስቡ፤ አንዱ አሥር ኩንታል ይዞ ከፊት ቆሟል፣ የእኔ ሴንሰር በአንድ ጣሳ ሽምብራ ከኋላ ይጠብቃል። ራውተሩ ላይ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ጭኜ፣ ወረፋ በሚያስተካክለው ክፍሉ (ኤስኪውኤም) ውስጥ ኬክ የሚባለውን ዘዴ መረጥኩ። ከ2018 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ ያለ ነው፣ ሁሉንም በየተራ ያስፈጫል። ፍጥነቱን ግን ከመስመሩ ዝቅ አድርጋችሁ ስጡት፣ አለዚያ ወረፋው ከራውተሩ ውጭ ይሰለፋል። እኔ 85 በመቶ ላይ አቆምኩት፣ ፒንጉ 60 ላይ ረጋ።

ማታ ግን ያው ነው! ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ምሽት የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ከጓሮ ሰርቪስ ቤት፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጀርባ፣ አንድ የቆየ ስልክ በ1 ሜጋ (በሰከንድ 1 ሜጋቢት) ተገናኝቷል። አንድ ቻናል (ዋይፋዩ የሚጠቀምበት የአየር መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። 1500 ባይት ያላት ፓኬት (አንድ የዳታ ጥቅል) በ54 ሜጋ ሩብ ሚሊሰከንድ አትፈጅም፣ በ1 ሜጋ ግን 12 ሚሊሰከንድ አየሩን ትይዛለች። የስልኩ ባለቤት ከሥራ ገብታ ቪዲዮ ስትከፍት ግቢው በሙሉ እሷን ይጠብቃል።

ልዘጋባት አስቤ ነበር። ይህን መናገር ይከብደኛል፣ እሷም እንደኛው ከፍላ ነው የምትጠቀመው። ደግነቱ አሮጌ ራውተር ነበረኝ። በጣሪያው ሥር ኬብል ስቤ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ሰቀልኩት። ዋናው ራውተር ቻናል 1፣ የተሰቀለው ቻናል 11፣ የሁለቱም የቻናል ስፋት 20 ሜጋኸርዝ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስፋቱን 40 አድርጉ የሚላችሁን አትስሙ፣ የጎረቤትንም አየር መሻማት ነው። ራውተሮቹ ላይ 1 እና 2 ሜጋ የሚባሉትን ቀርፋፋ ፍጥነቶች ዘጋሁ። ያን ዕለት ማታ ስልኳ በ65 ሜጋ ተገናኘ፤ «ዛሬ ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ።

ያልሠራሁትም አለ። እዚያው ግቢ ያሉ ሁለት ዕቃዎች፣ ሴንሰሩና ፓምፑ፣ በውጭ ሰርቨር ዞረው ነው የሚነጋገሩት፤ ከመጀመሪያው እዚሁ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነበረብኝ። እናንተ ከዚያ ጀምሩ። ቻናሉን ደግሞ በእጅ ምረጡት፤ የእኔን መጀመሪያ አውቶ (ራውተሩ ራሱ የሚመርጥበት) ላይ ትቼው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁለቱም ራውተሮች ቻናል 1 ላይ ተገናኝተው አገኘኋቸው።