ሦስት ፒቸር በአንድ ሰው

ዲሴምበር 7 ቀን 2016 ማታ ከጋሼ ጋር ተጣላን። የተጣላነው በቤዝቦል ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ትንሿ ክፍላችን ውስጥ ሬዲዮ አለች። የከተማችን ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ሦስት ወጣት ፒቸሮችን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎችን፣ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጥቶ አዳም ኢተን የሚባል አንድ አውትፊልደር፣ ማለትም ሜዳው ጀርባ ላይ ቆሞ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች፣ መውሰዱን ስሰማ ትኬት እየቆረጥኩ ነበር። ሹፌሩ ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ ትኬቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ሉካስ ጂዮሊቶ፣ ሬይናልዶ ሎፔዝ፣ ዴን ደኒንግ። ሦስቱም አንድ ላይ ሄዱ።

«ሦስት በአንድ? አብደዋል እንዴ እነዚህ ሰዎች!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ቆጥረህ ነው የምትናገረው ወይስ ተናደህ?» አሉኝ።

መልሼ የተናገርኩት ነገር ለታላቅ የሚነገር አልነበረም። ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ያቺ ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም።

እኔ አዲስ አበባ ያደግሁት በጊዮርጊስና በቡና ክርክር ነው። እዚያ ማስረጃ የሚጠይቅህ የለም። የሚጠየቀው ልብህ የማን እንደሆነ ነው። የእግር ኳስ ዝውውር ደግሞ በአብዛኛው ገንዘብ ነው፤ ክለቡ ይከፍላል፣ ተጫዋቹ ይመጣል፣ አለቀ። ቤዝቦል ላይ ግን ሰው የሚለወጠው በሰው ነው። አሳልፈህ የሰጠኸው ልጅ ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጎለምስ ለዓመታት እያየኸው ትኖራለህ። ሆድ የሚያባባውም እሱ ነው።

በዲቪ የመጣሁት በ2011 ነው። ፓርኪንግ የገባሁት በዓመቱ። የማታ ሺፍት ለሚሠራ ሰው ቤዝቦል ጥሩ ጓደኛ ነው። በአንድ ሲዝን 162 ጨዋታ አለ፤ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ጨዋታ የሌለበት ቀን ጥቂት ነው። ጋሼ ቡድኑን የሚያውቁት ከሞንትሪያል ወደ ዲሲ ከመጣበት ከ2005 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ከተማዋ ለ33 ሲዝን ቡድን አልነበራትም። የድሮው ቡድን ሴናተርስ በ1971 መጨረሻ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ልጅ የነበሩ ደንበኞች ነበሩን። አንዱ ቁልፉን ሲቀበለን ሁሌ፣ «ቡድን እንደሚሄድ አትርሱ» ይለን ነበር።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፒቸር ማለት ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ነው። ጨዋታውን የሚጀምሩት አምስት ስታርተሮች ናቸው፤ አንዱ ከወረወረ በኋላ አራት አምስት ቀን ያርፋል። እነሱ ሲደክሙ የሚገቡት ተቀያሪዎች ቡልፔን ይባላሉ። ክንድ ደግሞ ይሰበራል። ክርን ላይ ያለው ጅማት ይበጠስና ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ ይተከላል። ቶሚ ጆን ይሉታል፤ በ1974 መጀመሪያ በተሠራለት ፒቸር ስም። አንዴ ከተሠራ ከአንድ ዓመት በላይ ያስቀምጣል።

የክንድ ነገር የገባኝ በስቲቨን ስትራስበርግ ነው። በ2010 ሲጀምር በመጀመሪያ ጨዋታው 14 ሰው በስትራይክአውት፣ ማለትም መቺው ኳሱን ሳይመታ፣ ያስወጣ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ክርኑ ሄደ። ከዳነ በኋላ፣ በ2012 ቡድኑ 98 ጨዋታ ሲያሸንፍ፣ አለቆቹ ክንዱ እንዳይጎዳ በሴፕቴምበር «በቃህ» ብለው አስቀመጡት። 159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ወርውሮ ነበር፤ ኢኒንግ ማለት የጨዋታው ዙር ነው፣ በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ አለ። ፕሌይኦፍ ላይ፣ ማለትም ከሲዝኑ በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ በአምስተኛው ጨዋታ ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 እየመራን 9 ለ 7 ተሸነፍን። ያን ሌሊት ጋሼ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን ለወራት፣ ደንበኛ ባገኘሁ ቁጥር፣ «ስትራስበርግ ቢኖር ኖሮ» እያልኩ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ክርክር አልነበረም። ለቅሶ ነበር።

ከኢተን ጠብ በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁና ጋሼን እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። አንድ ደብተር ገዛሁ። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሰው ሳይሆን ዓመት መቁጠርን ነው። አንድ ተጫዋች ዋናው ሊግ ከደረሰ በኋላ ስድስት ዓመት የቡድኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በትንሹ ደመወዝ ይጫወታል። ቀጣዮቹን ሦስት በግልግል ዳኝነት እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ ፍሪ ኤጀንት ይሆናል፤ ወደ ፈለገው ቡድን መሄድ ይችላል። ስለዚህ ወጣት ፒቸር ስትሰጥ የምትሰጠው ክንዱን ብቻ ሳይሆን ርካሽ ዓመታቱን ጭምር ነው።

በዚህ ስሌት መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የሚረዳው እኔን ነበር! ጂዮሊቶና ሎፔዝ ገና መጀመራቸው ነው፣ ደኒንግ በዚያው ዓመት የተመረጠ ልጅ ነው። ኢተን ደግሞ እስከ 2021 ድረስ አምስት ሲዝን፣ በርካሽ ኮንትራት። «አዩ፣ ዓመቱም የኔን ይላል» አልኳቸው።

«ጥሩ። አሁን ስንቱ ዓመት እንደሚበላሽ ገምት» አሉኝ።

ጂዮሊቶ በ2012 ቶሚ ጆን ተሠርቶለታል። በ2016 ለኛ ሲወረውር ኢአርኤው፣ ማለትም በዘጠኝ ኢኒንግ የሚቆጠርበት አማካይ ነጥብ፣ 6.75 ነበር፤ ሲበዛ መጥፎ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ስናደድ ግን ረስቼዋለሁ።

ቀጥሎ ያሉኝ ነገር ነው አስተሳሰቤን የለወጠው። ዕቃ ማስቀመጫው መደርደሪያ ላይ ቁልፎች ተሰቅለዋል። ጋሼ አንዱን ቁልፍ አንስተው ወደ ሌላ መንጠቆ አዛወሩት። «በ2016 ትሬ ተርነር የት ነበር የሚጫወተው?» «ሴንተርፊልድ።» «ልጁ የተፈጠረው ግን ለሾርትስቶፕ ነው። ኢተን ሴንተርፊልድ ሲይዝ ተርነር ወደ ቦታው ይመለሳል።» ባዶውን መንጠቆ አሳዩኝ። «የመጣው አንድ ሰው ነው፤ የተሞላው ሁለት ቦታ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትሬድ፣ ማለትም የተጫዋች ልውውጥ፣ ስሰማ የማየው የሄደውንና የመጣውን ብቻ አይደለም። ሮስተሩ፣ ማለትም የቡድኑ የተጫዋቾች ዝርዝር፣ ላይ ማን ወደ የት እንደሚዛወር አያለሁ። በዚያን ጊዜ ሮስተሩ 25 ሰው ነበር። ከ2021 ወዲህ አብዛኛውን ሲዝን 26 ሆኗል፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከሴፕቴምበር በፊት ከ13 በላይ ፒቸር መያዝ አይቻልም። ቦታ ውድ ነው። ወደ ማይነር ሊግ፣ ወደ ታችኛው ሊግ፣ በነፃነት ሊመለስ የሚችል ተቀያሪ ፒቸርና የማይችል አንድ ዓይነት ኳስ ቢወረውሩም ዋጋቸው ለየቅል ነው። አንደኛው ሲደክም ታወርደዋለህ፣ ትኩስ ክንድ ታመጣለህ። ሁለተኛውን ለማውረድ ለሌሎች ቡድኖች ክፍት ማድረግ አለብህ፤ የፈለገው ይወስደዋል።

በኤፕሪል 2017 ኢተን በ23ኛ ጨዋታው ጉልበቱ ተበጠሰ። ሲዝኑ አለቀ። ሮጬ ጋሼ ጋ ሄድኩ። «አላልኩም?»

«ዲሴምበር ላይ ጉልበቱ ተበጥሶ ነበር?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ትሬድ ሁለት ገጽ መያዝ የጀመርኩት ያኔ ነው። በግራ በኩል በዕለቱ የሚታወቀውን ብቻ፣ ከነቀኑ፣ እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል በኋላ የሆነውን። ግራው አንዴ ከተጻፈ አይሰረዝም። ይህ አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ በላይ ረድቶኛል። ሰው ሲከራከር ያኔ ያሰበውን ሳይሆን ዛሬ የሚያውቀውን ነው የሚያስታውሰው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

የኢተን ቀኝ ገጽ በየዓመቱ ተገለባበጠ። በ2018 የጂዮሊቶ ኢአርኤ 6.13 ሆነ፤ ሙሉ ሲዝን ከወረወሩ ስታርተሮች የመጨረሻው። ጋሼ ምንም አላሉኝም፣ ማለት ይችሉ ነበር። በ2019 ጂዮሊቶ ኦልስታር፣ ከሊጉ ምርጦች አንዱ፣ ሆነ። በዚያው ዓመት ኢተን በዋንጫው ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስ ላይ፣ ሁለት ሆምረን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው የሚያስወጣ ምት፣ መታ። በኦገስት 2020 ጂዮሊቶ ፒትስበርግን አንድም ሂት፣ አንድም የተሳካ ምት፣ ሳይሰጥ አሸነፈ። የኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ ዋጋው ውድ ነበር፣ ስህተት ግን አልነበረም። ትሬዱ ሲደረግ ዋናው ፒቸራችን ሼርዘር 32 ዓመቱ ነው፤ ኮከቡ መቺያችን ሃርፐር ደግሞ በ2018 መጨረሻ ነፃ ይወጣል። ቡድኑ ማሸነፍ የነበረበት ያኔ ነው።

ብዙ ሰው ስለ ትልልቁ ትሬድ ነው የሚያወራው። 2019ን ያዳነን ግን ትንሹ ነው። በሜይ መጨረሻ 19 አሸንፈን 31 ተሸንፈን ነበር። ቡልፔናችን ከሊጉ መጥፎዎቹ አንዱ ነበር። አስተማማኝ የሚባለው፣ በ2017 ብሌክ ትራይነንና ጂሰስ ሉዛርዶ ለኦክላንድ ተሰጥተው ከመጡት አንዱ፣ ሾን ዱሊትል ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የትሬድ መዝጊያው ቀን ጁላይ 31 ሲደርስ እኔ ትልቅ ስም ጠበቅሁ። የመጡት ዳንኤል ሀድሰን፣ ሮኒስ ኤሊያስና ሀንተር ስትሪክላንድ ናቸው። ግራ ገጼ ላይ «አይበቃም» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም እዚያው አለ።

ኦክቶበር 30፣ የወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሂውስተን ላይ። ሺፍታችን አልቋል፣ ማንም ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ሁለት ደንበኞች መኪናቸውን ተረክበው ሞተር አስነስተው ሬዲዮ ከፍተው ቆመዋል። ሼርዘር አምስት ኢኒንግ ታግሎ 2 ለ 0 እየተመራን ወጣ። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ያስገባው ተቀያሪ አይደለም። ስታርተሩን ፓትሪክ ኮርቢንን ነው። «ይኼማ የድካም ነገር ነው፣ አያደርገውም» ስል ጋሼ እጃቸውን አነሱ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ፕሌይኦፍ ላይ በጨዋታ መሀል የዕረፍት ቀን አለ። ስለዚህ በ162 ጨዋታ ውስጥ የሚገድልህን ደካማ ቡልፔን በጥቂት ጥሩ ስታርተሮች መሸፈን ትችላለህ። ኮርቢን ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወረወረ። በሰባተኛው የኛ ሬንዶን ሆምረን መታ፣ ቀጥሎ ሃዊ ኬንድሪክ የመታው ኳስ የፋውል ምሰሶውን ገጨ፤ ያም ሆምረን ነው። በዘጠነኛው ኢተን ሁለት ሰው አስገባ። 6 ለ 2። የመጨረሻውን ሰው በስትራይክአውት ያስወጣው ሀድሰን ነው፤ «አይበቃም» ያልኩት ሰው።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ፒቸርን በገንዘብ ማምጣትስ? እዚያ ላይ አንድ ሐሳብ የለኝም። ሼርዘር በ2015 በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር መጣ፤ ለኔ እያንዳንዱ ሳንቲም ይገባው ነበር። ስትራስበርግ ከዋንጫው በኋላ 7 ዓመት 245 ሚሊዮን ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ነው። ኮርቢን ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ ኢአርኤው ከ5 በላይ ነበር። ሰዎች ሲሰድቡት ግን እኔ የምሰማው እነዚያን ሦስት ኢኒንጎች ነው።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ጡረታ ወጡ። አሁን በስልክ ነው የምንከራከረው። በ2022 ኮከቡ መቺያችን ሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት እንዳልተቀበለ ተዘገበ። ኦገስት 2 ቀን ከጆሽ ቤል ጋር ለሳን ዲዬጎ ተሰጠ። የመጡት ስድስት ናቸው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ፒቸር የነበረው ማኬንዚ ጎር አንዱ ነው። ልቤ ተሰብሮ ነበር። ግን መጀመሪያ ደብተሬን አወጣሁ። ሶቶ ላይ የቀረን እስከ 2024 መጨረሻ ነው። የመጡት ልጆች ብዙ ዓመት አላቸው። ከዚያ ደወልኩላቸውና ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

ጋሼ እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ጎር የሚሉት ልጅ፣ ክርኑስ?» አሉ።

«አሁን ራሱ ክርኑን አሞት ተቀምጧል ጋሼ።»

«ጽፈኸዋል?»

«በግራ በኩል፣ ከነቀኑ።»